እያንዳንዱ በቤቱ ፊት ለፊት፦ የከተማ መልሶ ማልማትና የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

መግቢያ

ከወረታ ተነሥቶ ወደ አዲስ ዘመን የሚጓዝ መንገደኛ ይፋግን ልብ ሳይላት ሊያልፍ ይችላል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ይፋግ በጎንደርና በጎጃም መካከል የሚመላለሰው ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት፣ ቀረጡን የሚከፍልባት ስመ ጥር የገበያ ከተማ ነበረች። ጎረቤቷ ደሪጣም በሙስሊም ነጋዴዎቿ የታወቀች ነበረች። አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ያገለግል በነበረበት በዚያ ዘመን ከደጋውም ከቆላውም የመጣው ሕዝብ በዚህ ይገናኝ ነበር። ከጊዜ በኋላ መንገዱም አስተዳደሩም ወደ ሌላ አዘነበለ፤ የሊቦ ከምከም ወረዳ መቀመጫ አዲስ ዘመን ሆነች፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት ወረታም አደገች። ይፋግ ገበያዋ የሳሳው የሚሰበሰበው ሰው ሌላ መሰብሰቢያ ስላገኘ ነው።

ይህን ታሪክ በመግቢያችን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአሁኑ ጊዜ የመልሶ ማልማትና የኮሪደር ልማት ሥራ ከአዲስ አበባ አልፎ እንደ ጎንደርና ባሕር ዳር ባሉ ከተሞች በመከናወን ላይ ይገኛል። ነገ ደግሞ መካከለኛና አነስተኛ ከተሞቻችንን መንካቱ አይቀርም። ያን ጊዜ መንገዱ ሰፍቶ፣ ሕንፃው ከፍ ብሎ፣ መብራቱ ደምቆ ሳለ በሰፈሩ ይኖር የነበረው ሕዝብ ግን ተበትኖ ቢገኝ፣ ሰፈሩ ታደሰ ሊባል ይችላልን? በዚህ ትምህርት አንድ ሰፈር ታደሰ የሚባለው ቀድሞ የኖሩበት ሰዎች በታደሰው ሰፈር ውስጥ ስፍራ ሲያገኙ መሆኑን፣ ለዚህም ሰበካ ጉባኤ ሊወጣው የሚገባ ድርሻ እንዳለው እንመለከታለን።

1. ሰፈር እንዴት ያረጃል?

የጭቃ ቤት በየዓመቱ እጅ ይፈልጋል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ የታጠበው ግድግዳ ይመረጋል፤ ምስጥ የበላው ማገር ይቀየራል፤ የዛገው ቆርቆሮ ይተካል። ይህን እንክብካቤ ያገኘ ቤት ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ያጣ ቤት ግን በጥቂት ክረምቶች ውስጥ ያዘነብላል። በፎገራ ሜዳ ደግሞ ችግሩ ይከፋል፤ መረሬው አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ጥልቅ ያልሆነውን ቤትም አብሮ ይሰነጥቀዋል። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ባጥለቀለቁ ጊዜ የሚደርሰውን ጉዳት የአካባቢው ሰው ያውቀዋል።

በከተሞቻችን እምብርት የሚገኙ ብዙ ቤቶች ያረጁበት ሌላም ምክንያት አለ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩ ቤቶች በቀበሌ አስተዳደር ሥር ገቡ፤ ኪራያቸውም ተቀነሰ። በዚህ ምክንያት ብዙ ድኻ ቤተሰብ በከተማ መካከል፣ ለሥራውና ለገበያው ቀርቦ መኖር ችሏል። ይሁን እንጂ የሚሰበሰበው ኪራይ ለእድሳት የሚበቃ አልነበረም። ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ማፍሰስን ይፈራል፤ ቢደፍርም ፈቃድ ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ ቤቱ የሚኖርበት ሰው እንጂ የሚያድሰው ሰው ሳይኖረው ዐሥርት ዓመታት አለፉ።

እንግዲህ ያረጀ ሰፈር ስናይ የነዋሪዎቹን ስንፍና ለማየት አንቸኩል። መጸዳጃ የሌለውን፣ የፍሳሽ ቦይ የሌለውን፣ እሳት ቢነሣ መኪና የማይገባበትን መንደር «እንዲሁ ይቆይ» ማለትም ለድኻው መራራት አይደለም። ደግሞም ከተማው በውስጡ ካልታደሰ ወደ ዳር መለጠጡ አይቀርም። በወረታ ዙሪያ ያለው ዳር ደግሞ በ1970ዎቹ ሩዝ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ለብዙ ሺህ ቤተሰብ እንጀራ የሆነው ሜዳ ነው። በከተማው መካከል የሚባክን እያንዳንዱ ጋሻ መሬት በዳር ካለው ገበሬ ማሳ ላይ ይጠየቃል። ስለሆነም መታደሱ አስፈላጊ ነው፤ ክርክሩ በአኳኋኑ ላይ ነው።

2. ግምቱ የሚቆጥረውና የማይቆጥረው

ለምሳሌ ያህል በገበያ አጠገብ ባለ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ የምትኖር፣ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ልጆቿን የምታሳድግ እናት እናስብ። ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲከለል ቤቱ የእርሷ ስላልሆነ የቤት ካሳ አይገመትላትም። የምታገኘው በሌላ ስፍራ ምትክ የኪራይ ቤት ወይም የጋራ መኖሪያ ቤት የመግዛት ዕድል ነው። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ቢሆን ምጣዷን የት ታኖራለች? ጭሱስ በየት ይወጣል? በየማለዳው በሯ ድረስ ይመጡ የነበሩት ደንበኞች ከተማው ዳር ድረስ ይከተሏታልን? ለዓመታት የከፈለችበት እድርስ ከእርሷ ጋር ይጓዛልን? ከእርሷ ዘንድ በደባልነት የሚኖረው የቀን ሠራተኛ ደግሞ በየትኛውም መዝገብ ላይ ስሙ የለም።

በአዲስ አበባ ከልደታ፣ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተሞክሮ የምንማረው ይህንኑ ነው። ከመሀል ከተማ የተነሡ ብዙ ነዋሪዎች በከተማው ዳርቻ ወዳሉ መኖሪያዎች ተዛውረዋል፤ ከካዛንቺስ ከተነሡት ከፊሎቹ ገላን ጉራ ሰፍረዋል። ቀድሞ ከነበራቸው የሚሻል ግድግዳ፣ ውኃና መጸዳጃ ያገኙ አሉ፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን ቤት ማግኘትና ኑሮን ማስቀጠል ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። የመጀመሪያውን በአንድ ቀን ቁልፍ በማስረከብ መፈጸም ይቻላል፤ ሁለተኛው ግን ትምህርት ቤትን፣ ገበያን፣ ትራንስፖርትን፣ ጎረቤትንና አጥቢያ ቤተ ክርስቲያንን ሁሉ ይጠይቃል።

ሕጉም ቢሆን ይህን ፈጽሞ የዘነጋ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ሲደነግግ፣ የግል ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መከፈል እንዳለበትም ያዝዛል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከዚያ በፊት የነበረውን አዋጅ ቁጥር 455/1997 ሲተካ ልናውቃቸው የሚገቡ ነገሮችን ይዞ መጥቷል። ለመልሶ ማልማት በተከለለ ቦታ ያሉ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በቡድን ሆነው ቦታቸውን ራሳቸው ለማልማት ቅድሚያ እንዳላቸው አስፍሯል። ተነሺዎችን አስቀድሞ ማማከር እንደሚገባ፣ ቅሬታ ያለው ሰውም አቤት የሚልበት አካል እንደሚኖር ደንግጓል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቡና ጉዳት ካሳ እንዲከፈል አድርጓል፤ ይህም ጎረቤትን ማጣት እውነተኛ ጉዳት መሆኑን ሕግ አውጪው መቀበሉን ያሳያል። አዋጁ ከዚያ ወዲህ የተሻሻለ ስለሆነ አንድ ሰበካ ጉዳዩ በደረሰው ጊዜ በሥራ ላይ ያለውን ሕግና የክልሉን መመሪያ ማየት ይኖርበታል።

በከተማው ዳር ያለው ገበሬም እንዲሁ ነው። የቋሚ መፈናቀል ካሳ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የተሰላው ባለፉት ሦስት ዓመታት ከተገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ ነው። ይህ ገንዘብ የሚደርሰው ግን ባለይዞታውን ነው። ማሳውን በእኩል የሚያርሰው፣ በአጨዳና በነቀላ ጊዜ ተቀጥሮ የሚሠራው ሰው በግምቱ ውስጥ አይገባም። በከተማ ደባሉ፣ በገጠር የእኩል አራሹ፣ ሁለቱም ኖረው ሳለ እንዳልነበሩ ይቆጠራሉ።

3. የነህምያ ሥርዓት

ቅዱስ መጽሐፍ ስለ ከተማ መታደስ በስፋት የሚነግረን በመጽሐፈ ነህምያ ነው። ነህምያ በሱሳ ግንብ ሳለ የኢየሩሳሌም ቅጥር እንደ ፈረሰ በሰማ ጊዜ በመጀመሪያ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየም (ነህ. 1)። ከዚያም የንጉሡን ፈቃድና ደብዳቤ ይዞ መጣ። የንጉሥ ደብዳቤ በእጁ ሳለ ግን በመጣበት ዕለት ሥራ አልጀመረም። ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ በሌሊትም ጥቂት ሰዎች አስከትሎ የፈረሰውን ቅጥርና የተቃጠለውን በር ዞሮ ተመለከተ (ነህ. 2፥11-16)። ሕዝቡን «እንሥራ» ብሎ የጠራው ካየ በኋላ ነው። ሥልጣን የያዘ ሰው ከማዘዙ በፊት በእግሩ ሄዶ እንዲያይ ከዚህ እንማራለን።

ምዕራፍ 3 ለብዙ አንባቢ አሰልቺ የስም ዝርዝር ይመስላል። ልብ ብሎ ላነበበው ግን የሥራ ክፍፍል ሰነድ ነው። ሥራውን የጀመሩት ሊቀ ካህናቱ ኤልያሴብና ወንድሞቹ ካህናት ናቸው (3፥1)። ወርቅ አንጥረኞችና ሽቱ ቀማሚዎች ከሌላው ጋር ተሰልፈው ሠርተዋል (3፥8)። አንድ አለቃ ከሴቶች ልጆቹ ጋር ሆኖ አድሷል (3፥12)። ነጋዴዎችም ድርሻቸውን ወስደዋል (3፥32)። በተደጋጋሚ የሚነገረው ነገር ደግሞ ሰዎች በየቤታቸው አንጻር ያለውን ቅጥር መሥራታቸው ነው (3፥10፣ 23፣ 28-30)። በቤቱ ፊት ለፊት የሚሠራ ሰው ሥራውን አያታልልም፤ ቅጥሩ ቢፈርስ በመጀመሪያ የሚጎዳው የራሱ ቤት ነውና። ሥራው ሲጠናቀቅም ሠሪው ከነቤቱ በዚያው ይገኛል። ቅጥሩ በ52 ቀን መፈጸሙ (6፥15) ነዋሪውን የሥራው ባለቤት ማድረግ ሥራውን እንደማያዘገየው ምስክር ነው።

በዘመናችንም የዚህ ምሳሌ አለ። በታይላንድ በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ባን ማንኮንግ» የተባለ መርሐ ግብር በተጎሳቆሉ ሰፈሮች የሚኖሩ ሰዎች በቁጠባ ማኅበር ተደራጅተው፣ ሰፈራቸውን ራሳቸው ቆጥረውና ለክተው፣ ስለ መሬቱ ተደራድረው፣ በማኅበር በተወሰደ ብድር በዚያው ወይም በአቅራቢያው እንዲገነቡ አድርጓል። የመርሐ ግብሩ ስም «አስተማማኝ መኖሪያ» እንደ ማለት ነው። እቁብና እድር ላለው ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በእኛም ሀገር ብዙ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች በኮብልስቶን ሲነጠፉ የሰፈሩ ወጣቶች ድንጋይ ጠርበው፣ አንጥፈው እንጀራ ማግኘታቸው፣ ነዋሪውም በየደጁ ያለውን ሥራ ለመደገፍ ገንዘብ ማዋጣቱ የዚሁ መንገድ ጅማሬ ነው።

የነህምያ ታሪክ ግን በዚህ አያበቃም። ቅጥሩ ገና በመሠራት ላይ ሳለ የድኾች ጩኸት ተሰማ። እርሻቸውን፣ ወይናቸውንና ቤታቸውን በእህል ምክንያት አስይዘው ነበር (5፥1-5)። ነህምያ «ሥራው ይለቅ፣ ከዚያ በኋላ እናየዋለን» አላለም። ታላላቆቹን ተጣላ፤ ጉባኤ ሰበሰበ፤ የተወሰደው ይመለስ አለ። በዚህም ስፍራ እርሱና ወንድሞቹ አበዳሪዎች መሆናቸውን በአደባባይ ተናገረ (5፥10)። የራሱን መዝገብ ሳይሸሽግ ስለ ተናገረ የሌሎቹን መዝገብ ለማስከፈት አፍ አገኘ።

4. የናቡቴ ርስት

ከነህምያ በተቃራኒ የቆመው የአክዓብ ታሪክ ነው (1ኛ ነገ. 21)። ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው ነገር አክዓብ በመጀመሪያ ካሳ ማቅረቡን ነው። ከዚያ የሚሻል ምትክ ወይን ወይም የዋጋውን ገንዘብ እንደሚሰጠው ለናቡቴ ነግሮታል። ናቡቴ እምቢ ያለው ዋጋው ስላነሰው ሳይሆን የአባቶቹ ርስት ስለሆነ ነው። ንጉሡ ቦታውን የፈለገው ለቤቱ ቅርብ ስለሆነ፣ የአትክልት ስፍራ ሊያደርገው ነበር። ከእምቢታው በኋላ የሆነው ሁሉ የተፈጸመው በደብዳቤ፣ በንጉሥ ማኅተም፣ በሸንጎና በምስክር ነው። በውጭ ሲታይ ሥርዓቱን የጠበቀ ይመስላል። የጎደለው ስለ ናቡቴ እውነት የሚመሰክር ሰው ነበር።

ይህን ስንል ለሕዝብ ጥቅም የሚሠራ መንገድ፣ ሆስፒታል ወይም የውኃ መስመር ሁሉ የአክዓብ ሥራ ነው ማለታችን አይደለም። በአንድ ሰው እምቢታ የብዙ ሰው ጥቅም እንዳይቀር ሕግ መኖሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን የሕዝብ ጥቅም በሚል ስም የአንድ ባለሀብት የአትክልት ስፍራ እንዳይገባ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሁሉ እውነት እንዳይመስለን ታሪኩ ያስጠነቅቀናል።

5. የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

ቤተ ክርስቲያን የከተማ ፕላን አታወጣም፤ የመሐንዲሱን ሥራም አትሠራም። ለእርሷ ብቻ የተሰጠ ግን ሌላው የማይተካው ዕውቀት አላት። የንስሐ አባት በየቤቱ ይገባል፤ ጠበል ይረጫል፤ የታመመ ይጠይቃል። ካርታ ያለውንም የሌለውንም፣ ባለቤቱንም ደባሉንም በስም ያውቃል። በገማቹ ቅጽ ላይ የማይገኘው ሰው በካህኑ ልብ ውስጥ አለ። ስለዚህ አንድ ሰበካ የሚከተሉትን ሊፈጽም ይችላል።

አንደኛ፣ ሳይረፍድ መመዝገብ። የንስሐ ልጁን ምሥጢር ሳይነካ፣ በነዋሪው ፈቃድ፣ ከእድሮችና ከቀበሌው ጋር በመተባበር በሰፈሩ ማን እንደሚኖር፣ በምን ሁኔታ እንደሚኖር፣ በምን እንደሚተዳደር፣ ከሥራው ምን ያህል እንደሚርቅ ይመዝገብ። የሌላ እምነት ተከታይ የሆነውም ጎረቤት ሳይለይ ይካተት። ይፋግና ደሪጣ በገበያ ተገናኝተው የኖሩ ጎረቤታሞች መሆናቸውን አንርሳ።

ሁለተኛ፣ ማስተማር። ከቅዳሴ በኋላ በሚደረገው ጉባኤ ሕጉን የሚያውቅ ምእመን ስለ ቅድሚያ የማልማት መብት፣ ስለ ካሳ አከፋፈል፣ ስለ አቤቱታ ጊዜ ገደብ ያስረዳ። ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው ቀኑ ካለፈበት በኋላ ስለሚጠይቅ ነው።

ሦስተኛ፣ አብሮ መጠየቅ። ነዋሪዎች በግል ከሚቀርቡ በማኅበር ሆነው «መነሣታችን ግድ ከሆነ ጎረቤት ከጎረቤቱ፣ እድር ከነአባላቱ በአንድ ስፍራ ይስፈር» ብለው ቢጠይቁ ለአስተዳደሩም የሚቀል ነው። በዕጣ የተበተነን ሰፈር በኋላ መሰብሰብ አይቻልም።

አራተኛ፣ ከራስ መጀመር። ቤተ ክርስቲያናችን በ1967 ዓ.ም. መሬቷንና የሚከራዩ ቤቶቿን በአዋጅ ያጣች በመሆኗ የተነሺን ኀዘን ታውቀዋለች። ዛሬ ደግሞ በብዙ ከተሞች በአድባራት ቅጥር ዙሪያ ለኪራይ የሚሆኑ ሱቆችና ሕንፃዎች እየተሠሩ ነው። ገቢው ለካህናት ደመወዝ፣ ለአብነት ትምህርት ቤትና ለነዳያን መዋሉ መልካም ነው። ሆኖም ሕንፃው በሚሠራበት ስፍራ የአብነት ተማሪዎች ጎጆ፣ የነዳያን መጠጊያ፣ የአሮጊቶች ጧፍና ዕጣን መሸጫ፣ የአባቶች መቃብርና ያረጁ ዛፎች ይገኛሉ። እኛ ራሳችን አንዲትን ጧፍ ሻጭ ያለ ማስጠንቀቂያ ከደጃችን ካስነሣን፣ ስለሌሎች ተነሺዎች ስንናገር ማን ይሰማናል? ከግንባታ በፊት ከደጃችን ያሉትን እንቁጠር፤ በሕንፃው ምድር ቤት በሚችሉት ዋጋ ስፍራ እንተውላቸው፤ የኪራይ ውሉና ገቢውም ለምእመናን ግልጽ ይሁን። ነህምያ እንዳደረገው የራሳችንን መዝገብ አስቀድመን እንክፈት።

ማጠቃለያ

ነህምያ ቅጥሩን ከፈጸመ በኋላ ያየው ነገር አሳሰበው፤ ከተማይቱ ሰፊና ታላቅ ነበረች፣ ሕዝቡ ግን በውስጧ ጥቂት ነበረ (7፥4)። ስለዚህ ቀጣይ ሥራው ሕዝቡን በየትውልዱ መቁጠርና በከተማይቱ እንዲኖር ማድረግ ሆነ። እኛ ከዚህ የምንወስደው ትእዛዝ ቁጥሩን ወደ ፊት እንድናመጣው ነው። ቅጥሩ ከመሠራቱ በፊት ሰው ይቆጠር። ይፋግ የነበራት ገበያ በሰው የቆመ ነበር፤ ወረታም ሆነች ሌላይቱ ከተማችን ነገ በምትታደስበት ጊዜ የታደሰችው ለማን እንደሆነ የሚጠየቀው የሰበካ መዝገብ እንዲኖር ዛሬ እንጀምር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሰበካችን ክልል ካርታም ውልም ሳይኖራቸው የሚኖሩ ስንት ቤተሰቦች እናውቃለን? የማናውቃቸውስ ለምን አላወቅናቸውም?

2. በደብራችን ቅጥር ዙሪያ የኪራይ ግንባታ ታቅዶ ከሆነ ከቦታው የሚነሣው ማን ነው? ወዴት ይሄዳል?

3. ነህምያ ምዕራፍ 3ን አንብባችሁ፣ በሰፈራችሁ የፍሳሽ ቦይ ወይም የውስጥ መንገድ ቢሠራ ሥራውን «በየቤቱ አንጻር» እንዴት ታከፋፍሉታላችሁ? የሚሠራ ጉልበት የሌለውን ጎረቤት ድርሻስ ማን ይሸከማል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።